የነቃችው ንግሥት፦ የአፈ ታሪክ ፍቅርና ምኞት በኅትመት ሥዕል

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ ውይይት በተነሣ ቁጥር በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ አስተያየት አለ። ይኸውም የሥጋ ፍቅርንና ምኞትን የሚያሳይ ሥዕል ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ነው፤ የአገሪቱ የሥዕል ውርስ ቅዱሳንን፥ ነገሥታትንና ጦርነትን እንጂ የወንድና የሴትን መፈላለግ አያውቅም የሚለው ነው። አስተያየቱ በከፊል እውነት ይመስላል። ራቁት ገላን አቁሞ እየተመለከቱ መሣል በእርግጥ ከአውሮፓ የሥዕል ትምህርት ቤቶች የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን ራቁት ገላን መሣልና ምኞትን መሣል አንድ ነገር አይደሉም። ራቁት ገላ ተሥሎ ምኞት የሌለበት ሥዕል ብዙ ነው፤ ሰዎቹ እስከ አንገታቸው ተሸፍነው ምኞት የሞላበት ሥዕልም አለ።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ደጋግመው ከሣሏቸው ታሪኮች አንዱ የሳባ ንግሥትና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ሲሆን፥ የታሪኩ መካከል አንድ የምኞት ሌሊት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ምኞት በዚህ አገር ሥዕል ውስጥ ነበረ ወይ የሚል ሊሆን አይችልም። የሚሻለው ጥያቄ ምኞቱ በምን መልክ ተሣለ፥ ከአውሮፓው አሣሣልስ በምን ይለያል የሚለው ነው። ይህን ለመመርመር በአውሮፓ የአፈ ታሪክ ምኞት ዋና ማደሪያ ከነበሩት ጥበቦች አንዱን፥ ማለትም በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ የሚቀረጸውን የኅትመት ሥዕል፥ ከሳባ ታሪክ ሥዕል ጋር ማስተያየት ይጠቅማል። ከዚያም የኅትመት ሥዕል ወደ አዲስ አበባ እንዴት እንደ ገባ፥ በመጨረሻም በመጽሐፍ ያልተጻፈው የደቡቡ ወግ፥ በተለይም የጋሞው፥ ለዚሁ ጥበብ ምን እንደሚያቀርብ ይታያል።

ሰም፥ መዳብና አሲድ

በእንግሊዝኛ ኤቺንግ የሚባለው ጥበብ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በሚገባ የተወለወለ የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳ ንብ ሰምና ሙጫ በተቀላቀለበት ቀጭን ሽፋን ይለበጣል፤ ሽፋኑም በጢስ እንዲጠቁር ይደረጋል። ሠዓሊው በመርፌ ሲሥል መርፌው ብረቱን አይነካም፤ ሰሙን ብቻ ገፎ ከሥሩ ያለውን መዳብ ያጋልጣል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ይጠመቃል። አሲዱ በሰም የተሸፈነውን ትቶ የተጋለጠውን መሥመር ይበላል። ጥቂት የቆየ መሥመር ቀጭንና ፈዛዛ፥ ብዙ የቆየ መሥመር ጥልቅና ጥቁር ይሆናል። በመጨረሻ ሰሙ ይነሣል፤ ቀለም በመሥመሮቹ ውስጥ ተሞልቶ ከላይ ያለው ይጠረጋል፤ በውኃ የረጠበ ወረቀት ተደርጎበት በከባድ ማተሚያ ሲንደረደር ሥዕሉ ግራና ቀኙ ተገላብጦ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ከአንድ ሰሌዳም ብዙ ቅጂ ይታተማል።

የኢትዮጵያ አንባቢ በዚህ አሠራር ውስጥ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል። የቅኔው ሰምና ወርቅ ስያሜውን ያገኘው ከወርቅ አንጥረኛ ሥራ ነው፤ አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ፥ በሸክላ ሸፍኖ፥ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በስፍራው ወርቅ ያፈስሳል። በመዳብ ሥዕልም ሰሙ የሚያልፍ፥ ብረቱ የሚቀር ነው። ልዩነቱ በቅኔ ሰሙ የተነገረው ቃል፥ ወርቁ የተሸሸገው ትርጉም መሆኑ ነው። የሳባ ታሪክ ራሱ በዚህ መንገድ የተነገረ መሆኑ ወደ ኋላ ይታያል።

ጥበቡ የተወለደው በጦር ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ ነበር። በጀርመን አገር አንጥረኞች የጥሩርንና የሰይፍን ጌጥ በአሲድ ይቀርጹ ነበርና፥ በ1500 አካባቢ የአውግስቡርጉ ዳንኤል ሆፕፈር ይህንኑ ዘዴ በወረቀት ላይ ለሚታተም ሥዕል አዋለው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አልብረሽት ዱረር ከ1515 እስከ 1518 ባለው ጊዜ በብረት ሰሌዳ ሞከረው። ከብረት ወደ መዳብ ከተሻገረ በኋላ መሥመሩ ለሰለሰ። በመርፌ ሰም መግፈፍ በብዕር ወረቀት ላይ ከመጻፍ የማይከብድ በመሆኑ፥ የሠዓሊው እጅ ጥድፊያም ሆነ ማመንታት ሳይጠፋ በብረቱ ላይ ይቀራል። ደግሞም ኅትመት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አልነበረም። ገዥው በሣጥኑ አስቀምጦ ለብቻው ወይም ከወዳጆቹ ጋር አቅርቦ የሚመለከተው ነበር። በአደባባይ ሊታዩ የማይደፈሩ የአፈ ታሪክ የፍቅር ታሪኮች ወደዚህ ጥበብ የጎረፉት በሁለቱ ምክንያቶች፥ ማለትም በመሥመሩ ቅርበትና በአመለካከቱ ብቸኝነት ነው።

የተኛችው ሴት

ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ በመዳብ ላይ ደጋግሞ የተመለሰ አንድ ትዕይንት አለ። በግሪክ አፈ ታሪክ የአማልክት አለቃ የሆነው ዜውስ፥ ሮማውያን ጁፒተር የሚሉት፥ አንቲዮፔ የተባለችውን ሴት ይመኛል። ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆነ የዱር ፍጡር መልክ ይዞ ተኝታ ሳለች ይቀርባታል። ጣሊያናዊው አኒባሌ ካራቺ ይህን በ1592 በመዳብ ቀረጸው። ሆላንዳዊው ሬምብራንት በ1659 ተከተለው። በሬምብራንት ሥራ ሴቲቱ እጇን ወደ ራሷ አንሥታ፥ አፏን ከፈት አድርጋ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ከጨለማው ያጎነበሰው አምላክ ልብሷን ቀስ ብሎ ይገልጣል። በሰም ላይ የተሣለው መሥመር ብርሃኑን በገላዋ፥ ጨለማውን በእርሱ ላይ አከማችቶታል።

ከ277 ዓመት በኋላ፥ በ1936፥ ፓብሎ ፒካሶ ያንኑ ትዕይንት እንደገና ወሰደው። የፒካሶው ሥራ በአምብሯዝ ቮላር ስም ከሚጠራው የ100 ሰሌዳዎች ስብስብ አንዱ ነው፤ ስብስቡ የተቀረጸው ከ1930 እስከ 1937 ነበር። ፒካሶ የተጠቀመበት አኳቲንት የሚባል ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የሙጫ ዱቄት በሰሌዳው ላይ ተነስንሶ በሙቀት ይጣበቃል፤ አሲዱ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል ሲገባም መሥመር ሳይሆን እንደ ውኃ ቀለም ያለ ሰፊ ጥላ ይገኛል። በመስኮት የገባ የሌሊት ብርሃን በተኛችው ሴት ላይ ያርፋል፤ የዱሩ ፍጡርም መጋረጃውን እየገለጠ ተንበርክኳል። በዚሁ ስብስብ በ1933 በተሠራ ሌላ ሰሌዳ ራሱ የበሬ፥ ገላው የሰው የሆነው ሚኖታውር የተኛችን ሴት እጅ በአፍንጫው ይዳብሳል። ይህኛው ያለ አሲድ በስለታም መርፌ መዳቡን በመቧጨር የተሠራ ስለሆነ መሥመሩ ጸጉራም ነው።

በሦስት መቶ ዓመት ተኩል ውስጥ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። የሚመኘው ነቅቷል፤ የምትመኘው፥ ወይም ልትመኝ የምትችለው፥ ተኝታለች። ተመልካቹም የሚያየው በሚመኘው ዐይን ነው። አንቲዮፔ በሥዕሉ ውስጥ ቃል የላትም፤ ምን እንደምትሻ የሚጠይቃትም የለም። ይህ ጉዳይ ፒካሶን ራሱን ሳያሳስበው አልቀረም። በ1934 በቀረጸው ሰሌዳ ሚኖታውሩ ዐይነ ስውር ሆኗል፤ በከዋክብት ሌሊት አንዲት ትንሽ ልጅ ትመራዋለች። በ1935 በሠራው ትልቅ ሥራም አንዲት ልጃገረድ ሻማ ይዛ አውሬውን ሳትፈራ ትመለከተዋለች። የማየት ሥልጣን ከሚመኘው ወደ ሴቲቱ ሲሻገር የሥዕሉ ዓለም በሙሉ ይናወጣል።

የውኃው ሌሊት

ከዚህ በኋላ ወደ ሳባ ታሪክ መመለስ ተገቢ ነው። ክብረ ነገሥት በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ በግዕዝ የተደራጀ መጽሐፍ ነው። ዓላማው የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ከሰሎሞን ጋር ማያያዝ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሆኖም ወደዚያ ዓላማ የሚያደርሰው በር የአንድ መኝታ ቤት በር ነው።

እንደ መጽሐፉ ትረካ ንግሥት ማክዳ የሰሎሞንን ጥበብ ልትሰማ ኢየሩሳሌም ገብታ ወራት ተቀመጠች። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ንጉሡ ታላቅ ግብር አዘጋጀ። በርበሬና ቅመም የበዛበት፥ ጥማት የሚያስነሣ ምግብ ሆን ብሎ አቀረበላት። ማታ በቤተ መንግሥቱ እንድታድር ሲለምናት እርሷ በኃይል እንዳይነካት አስማለችው፤ እርሱ ደግሞ በቤቱ ካለው ንብረት ምንም ነገር በኃይል እንዳትወስድ አስማላት። አልጋቸው በአንድ ክፍል በግራና በቀኝ ተዘረጋ፤ አንድ ማሰሮ ውኃም ንግሥቲቱ በምታይበት ቦታ ተቀመጠ። ማክዳ ጥቂት አንቀላፍታ ስትነቃ አፏ በጥማት ደርቋል። ንጉሡን ተመለከተችው፤ እንቅልፍ የወሰደው መሰላት። ንጉሡ ግን አልተኛም ነበር፤ ውኃውን ለመውሰድ የምትነሣበትን ሰዓት ይጠብቃል። ተነሥታ ልትጠጣ ስትል እጇን ያዘ። ከዚያም ክርክር ተከተለ፤ ውኃ መጠጣት መሐላ ማፍረስ ነው ወይ ስትል ጠየቀችው፤ ከሰማይ በታች ከውኃ የሚበልጥ ንብረት አለ ወይ አላት። በመጨረሻ እርሱን ከመሐላው ፈትታ ጠጣች፤ ሌሊቱም የቀዳማዊ ምኒልክ መፀነሻ ሆነ።

ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1904 ያሳተመው፥ በትግረ ቋንቋ ሲነገር የኖረ የዚሁ ታሪክ ሌላ መልክ አለ። በዚህ ንግሥቲቱ እቴየ አዜብ ትባላለች። ዘንዶው ሲሞት ደሙ እግሯን ነክቶ የአህያ እግር ስላደረገባት መድኃኒት ፍለጋ ወደ ሰሎሞን ትሄዳለች፤ እርሷና ባልንጀራዋ እንደ ወንድ ለብሰው ይደርሳሉ። ንጉሡ አበላላቸውን አይቶ ሴቶች መሆናቸውን ይጠረጥራል። በመኝታ ክፍሉም ውኃ ሳይሆን ማር የሞላበት ስልቻ ቀዶ ይሰቅላል፤ ማሩ ከሥሩ ወዳለው ዕቃ ይንጠባጠባል። ንጉሡ ሲተኛ ዐይኑን ገርበብ አድርጎ የሚተኛ፥ ነቅቶ ሳለ ግን የሚጨፍን ሰው ነበር። ሴቶቹ ተኛ ብለው ማሩን ሊልሱ ሲነሡ ነቅቶ ያገኛቸዋል።

ሁለቱን ትረካዎች ከመዳቡ ሥዕል ጋር ሲያስተያዩ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። በአውሮፓው ትዕይንት ሴቲቱ ተኝታ ወንዱ ይመለከታል። በኢትዮጵያው ትዕይንት ሴቲቱ ነቅታ ወንዱ የተኛ ይመስላል። እርሷ ታየዋለች፤ እርሱም እንዳላየ ሆኖ ያያታል። እጁን አስቀድሞ የሚዘረጋው ንጉሡ ሳይሆን ንግሥቲቱ ናት፤ የምትዘረጋውም ወደ ሰው ገላ ሳይሆን ወደ ውኃ ነው። እዚህ ላይ ሰምና ወርቁ ይገለጣል። ሰሙ የምግብ፥ የጥማትና የማር ነገር ነው፤ ወርቁ የሁለት ሰዎች ምኞት ነው። ተራኪው ምላስንና ጉሮሮን እየጠቀሰ ስለ ገላ ሁሉ ተናገረ።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ማሳመር አይገባም። ሰሎሞን በኃይል ላለመንካት ምሎ ሳለ ኃይልን በጥማት ተካው። ንግሥቲቱ ከመሐላው የፈታችው ጉሮሮዋ ደርቆ ነው። ትውልዶች ይህን የንጉሡ ጥበብ አድርገው ሲያነቡት ኖረዋል፤ የዛሬ አንባቢ ወጥመድ መሆኑን ሳያይ ሊያልፍ አይችልም። ግን ወጥመዱን ያሳየው የዛሬ አንባቢ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉ ራሱ ክርክሩን መዝግቧል። ማክዳ ትጠይቃለች፥ ትከራከራለች፥ ውሉን በቃሏ ትለውጣለች። መንቃቷ ነፃ አላወጣትም፤ አንቲዮፔ ያላገኘችውን ቃል ግን ሰጥቷታል።

የሠዓሊዎቹ መፍትሔ

ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በአዲስ አበባ የሳባ ታሪክ በሸራና በብራና ላይ በረድፍ በረድፍ እየተከፋፈለ፥ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍሎች፥ ይሣልና ይሸጥ ነበር። ገዢዎቹ በአብዛኛው የውጭ አገር እንግዶች ነበሩ። ሠዓሊዎቹ ግን የቤተ ክርስቲያንን የአሣሣል ሕግ ይዘው ስለሠሩ ሥራቸው የገበያ ብቻ አልሆነም።

ከሕጎቹ አንዱ የዐይን ሕግ ነው። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ከፊት ይሣላል፤ ክፉ በጎን ሆኖ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። በክታብ ሥዕልም ትልቅ የተከፈተ ዐይን ክፉ መንፈስን አይቶ የሚያባርር ኃይል ነው። በዚህ ልማድ የሠለጠነ ሠዓሊ የሳባን ሌሊት ሲሥል ራቁት ገላ አላስፈለገውም። ባለ ጌጥ ብርድ ልብስ እስከ አንገት ይሸፍናል፤ ራሶቹ ብቻ ከላይ ይታያሉ። ምኞቱ ያለው በዐይኖቹ አቅጣጫና በእጅ ነው። ሰሎሞንና ማክዳ ሁለቱም ባለ ሁለት ዐይን ሆነው መሣላቸው ራሱ ፍርድ ነው፤ ሠዓሊው ከሁለቱ አንዱንም ከክፉዎች ጋር አልቆጠረም። አከፋፈሉም የራሱን ሥራ ይሠራል። ግብሩ በአንድ ሳጥን፥ ውኃው በሚቀጥለው፥ አልጋው በሌላው ስለሚሣል የተመልካቹ ዐይን ከመብል ወደ ጥማት፥ ከጥማት ወደ መኝታ በተራ እየተጓዘ ታሪኩን ራሱ ይገጣጥማል። አውሮፓዊው የመዳብ ቀራጭ ሁሉን በአንዲት ቅጽበት ያከማቻል፤ ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ በጊዜ ውስጥ ያሰራጨዋል።

ቢላዋና እንጨት

የኅትመት ሥዕል እንደ መደበኛ ትምህርት ወደ አገሪቱ የገባው ዘግይቶ ነው። በ1957 በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተውና በኋላ በስማቸው የተሰየመው የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለዚህ በር ከፈተ። ከ1963 እስከ 1966 በትምህርት ቤቱ የኅትመት ሥዕልን ያስተማሩት በሐምቡርግ በ1915 የተወለዱት ካርል ሐይንስ ሐንሰን ነበሩ። እኚህ ሰው በ1950 ወደ ብራዚል ተሰደው፥ የባሂያን ግዛት ከመውደዳቸው የተነሣ ስሟን ከስማቸው ጋር አስተሳስረው ሐንሰን ባሂያ ተብለዋል። በእንጨት ቅርጽ ኅትመታቸው የመከራውን መንገድ እንዳሳዩ ሁሉ የሳልቫዶር ከተማን ድሆች ሴቶች ሕይወትና ገላም ያለ እፍረት ቀርጸዋል። ለእርሳቸው ሃይማኖትና ሥጋ በአንድ ቢላዋ የሚቀረጹ ነገሮች ነበሩ። ያረፉት በ1978 ነው።

ሐንሰን ባሂያ ያስተማሩት በዋናነት እንጨት መቅረጽን እንጂ መዳብ በአሲድ መብላትን አልነበረም። ምክንያቱን ለመረዳት የሚያስቸግር አይደለም። እንጨት በየትም ይገኛል፤ ቢላዋም እንዲሁ፤ ቅጂውም በማንኪያ ጀርባ ተሽቶ ሊታተም ይችላል። መዳብ፥ አሲድና ከባድ ማተሚያ ግን ከውጭ የሚመጡና ገንዘብ የሚጠይቁ ናቸው። አሲዱም ጢሱ የሚወጣበት ክፍልና ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያው ትውልድ የኅትመት ሥዕል ቋንቋ የእንጨት ቋንቋ ሆነ፤ ማለትም ሰፊ ጥቁር፥ ሰፊ ነጭ፥ ቁርጥ ያለ ጠርዝ። ይህ ቋንቋ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወፍራም መሥመርና ትልልቅ ዐይን ጋር በቀላሉ ተስማማ።

ከሐንሰን ባሂያ ዘንድ እንጨት መቅረጽ ከተማሩት መካከል ዘሪሁን የትምጌታ ይገኛሉ። በ1941 አዲስ አበባ የተወለዱት እኚህ ሠዓሊ የክታብንና የቤተ ክርስቲያንን ምልክቶች ወደ ዘመናዊ ሥራ በማምጣት የታወቁ ሲሆን፥ በቀጫጭን ቀርከሃ ላይ የሠሯቸው ሥዕሎች በተለይ ይጠቀሳሉ፤ በ1992 በዳካሩ የሥነ ጥበብ ትርኢት ተሸላሚ ሆነዋል። በዚያው ዘመን በትምህርት ቤቱ ያስተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያንም የዐዲሱን ሥዕል አቅጣጫ ወስነዋል። የኮሎኙ ተማሪ ገብረ ክርስቶስ በቀለምና በረቂቅ ቅርጽ፥ ከፓሪስ የተመለሱት እስክንድር ደግሞ በአፈ ታሪክና በሕልም ዓለም ሠርተዋል። አፈ ታሪክ በዘመናዊ ሥዕል ውስጥ የሚኖር ነገር መሆኑን ተማሪዎች ያዩት በእስክንድር ሥራ ነው።

መዳቡስ? በ1970 አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት ጁሊ ምሕረቱ በዘመናችን የመዳብ ኅትመትን ወደ ታላቅ መጠን ካደረሱት ሠዓሊዎች አንዷ ናቸው። ስለ ደማስቆ በ2016 ያወጡት ባለ 6 ክፍል ሥራ በኮፐንሀገን የኅትመት ቤት በአኳቲንትና በተዛማጅ ዘዴዎች የታተመ ነው። ጉዳያቸው የከተሞች መፍረስና የሰዎች መፈናቀል እንጂ የአፈ ታሪክ ፍቅር አይደለም። ቢሆንም ከዚህች ከተማ የተወለደች ሴት እጅ በመዳብ ላይ ምን ልታደርግ እንደምትችል አሳይተዋል።

ከጋሞ ደጋ እስከ ሲቀላ

እስካሁን የተነገረው የሰሜኑ መጽሐፍ ታሪክ ነው። ነገር ግን የምኞት ወግ የተጻፈው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው በአርባ ምንጭ፥ ከላይ ሴቻ ከታች ሲቀላ በሚባሉት ሁለት ሰፈሮች፥ ከደጋው የሚወርድ የጋሞ ሰው ሌላ ወግ ይዞ ይመጣል።

በጋሞ ደጋ አዲስ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ወዲያው ወደ ሥራ አትሰማራም። ከደጅ ሥራ ተከልላ፥ በምግብና በቅቤ ተንከባክባ ለተወሰነ ጊዜ ትቆያለች። ከዚያም አጊጣ፥ ጸጉሯ በቅቤ ርሶ፥ ከሌሎች ሙሽሮች ጋር ወደ ገበያ ወጥታ በሕዝብ ፊት ትታያለች። ይህ ሥርዓት ሶፌ ይባላል። ዝርዝሩ ከደሬ ደሬ የሚለያይ ቢሆንም መሠረቱ አንድ ነው፤ የሴቲቱ ገላ ማማርና መወፈር የቤት ምሥጢር ሳይሆን ማኅበረሰቡ የሚመርቀው ነገር ነው። ገበያ የተመረጠውም ሁሉ የሚገናኝበት ስፍራ በመሆኑ ነው።

ይህን ከሁለቱ ቀደምት ትዕይንቶች አጠገብ ሲያስቀምጡት ሦስተኛ መልክ ይገኛል። በአውሮፓው መዳብ አንድ ተመልካች በጨለማ አንዲት የተኛች ሴት ያያል። በሳባ ታሪክ ሁለት የነቁ ሰዎች በሌሊት ይተያያሉ። በሶፌ ግን ሙሽራይቱ በቀን ብርሃን፥ ቆማና እየሄደች፥ በሺህ ዐይን ፊት ትታያለች፤ እርሷም መልሳ ታያለች። እዚህ ሌባ ዐይን የለም፤ ማታለልም የለም።

የጋሞ እጅ ደግሞ ለመሥመር እንግዳ አይደለም። የዶርዜ ሸማኔ በቀይ፥ በቢጫና በጥቁር የሚሠራው ድንጉዛ የመሥመርና የድግግሞሽ ጥበብ ነው። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ብዙም በማይርቀው በሽሮ ሜዳ የሠፈሩት የጋሞ ሸማኔዎች የከተማውን ሕዝብ ለረጅም ዘመን አልብሰዋል። የሸማኔው ድርና ማግ በየምቱ እየተደጋገመ እንደሚሄድ ሁሉ የመዳቡ ቀራጭም ጥላን የሚሠራው መሥመርን በመሥመር ላይ እያቋረጠ ነው። ለዚህ ነው በመርፌ የሚሠራ ኅትመት ከእንጨት ቅርጽ ይልቅ ለጨርቅ እጥፋት፥ በቅቤ ለወዛ ጸጉር፥ ለቆዳ ልስላሴ የሚስማማው። እንጨት ሰፊውን ጥቁርና ነጭ ሲሰጥ መዳብ በመካከላቸው ያለውን ግራጫ ሁሉ ይሰጣል።

የኅትመት ሥዕል ሌላም ጥቅም አለው። ታላቅ የሸራ ሥዕል በአንድ ቤት ይሰቀላል፤ የሚያየውም ወደዚያ ቤት የሄደ ነው። ከአንድ ሰሌዳ የታተሙ ቅጂዎች ግን በአንድ ጊዜ በአዲስ አበባም፥ በጎንደርም፥ በሲቀላ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይም ሊገኙ ይችላሉ። ሙዚየም ለራቀው ከተማ ከዚህ የሚሻል የሥዕል መንገድ ጥቂት ነው።

የቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ለሙያው ባልደረቦች ተግባራዊ ትርጉም አለው። ምኞት ከውጭ የመጣ ነው የሚለው አስተያየት ወጣቱን ሠዓሊ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ ወይ ጉዳዩን ፈርቶ ይተወዋል፥ ወይ የአውሮፓን የተኛች ሴት ወስዶ የሐበሻ ጸጉርና ነጠላ ያለብሳታል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም። ነጠላ ለብሳም ብትሆን አንቲዮፔ አንቲዮፔ ናት፤ አታይም፥ አትናገርም።

የአገሪቱ ውርስ ግን ሌላ መነሻ አዘጋጅቷል። የሳባ ንግሥት ነቅታለች፤ ዐይኗም ሁለት ነው። ይህን ሌሊት በመዳብ ለመቅረጽ የሚነሣ ሠዓሊ የጥንቶቹ ሠዓሊዎች በ44 ክፍሎች ያሰራጩትን በአንድ ሰሌዳ ለመሰብሰብ ይገደዳል፤ ከቅጽበቶቹም አንዱን መምረጥ አለበት። ጥማቱ የነቃበትን ይመርጣል? እጅ የተያዘበትን? ወይስ መሐላው የተፈታበትን? ምርጫው የጥበብ ብቻ አይደለም። እጅ የተያዘበትን የሚቀርጽ ወጥመዱን ይቀርጻል። ንግሥቲቱ የምትከራከርበትን የሚቀርጽ ቃሏን ይቀርጻል። ማሰሮው ላይ ያረፈውን ዐይኗን ብቻ የሚቀርጽ ምኞቷን ለራሷ ይተውላታል። የሶፌን ሙሽራ የሚቀርጽ ደግሞ ይህ ሁሉ ወጥመድ ሳያስፈልገው ምኞትን በቀን ብርሃን ያገኘዋል።

አሲድ የሚበላው ሠዓሊው ያጋለጠውን መሥመር ብቻ ነው፤ የቆይታውን ልክ የሚወስነውም ሠዓሊው ነው። ከማክዳ ሌሊት የትኛው መሥመር እንዲጠልቅ፥ የትኛውስ ፈዞ እንዲቀር መወሰን ከእንግዲህ በመርፌው ላይ ለተቀመጠው እጅ የተተወ ሥራ ነው።